የጋኑ እጣቢ

ዳንግላ፣ ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኪዳኑ፣
አዘና

በፋብሪካ አጥር ሥር ሾልኮ የሚወጣው ውሃ መጨረሻው የት ነው?

ይህን ጥያቄ በደብዳቤዎ ላይ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሲያስተምሩንም እንዲሁ ነበሩ፤ ከሰላምታ በፊት ጥያቄ። «እንኳን ለሥራ አበቃሽ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ የደረሰኝ ይህችው አንድ መስመር ሆነች። ደግሞ እውነትዎን ነው። በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያስባል፤ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን የለም።

መልሱን ከመጻፌ በፊት የእኔን ሰላምታ ይቀበሉኝ። እንዴት ሰነበቱ? እትዬ እመቤትስ? ጆሮዎ ተሻለዎት ወይ? የሚኒባሱ ሾፌር ምንይችል «ለመምህር ስልክ መደወል ግድግዳ ማናገር ነው» ብሎ ስላሾፈብዎ፣ ለገበያ አዘና በመጣ ቁጥር ደብዳቤያችንን እርሱ ራሱ እንዲያመላልስ ፈርጄበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ውሃው። ፋብሪካችን ከገብስ አረቄ የሚያወጣ ትንሽ ፋብሪካ ነው፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ነኝ። ጠረጴዛ ሰጥተውኛል፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ያዩት ውሃ የማቀዝቀዣ ውሃ ነው፤ ከአረቄው ጋር አይነካካም፤ አጥር ሥር ባለው ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ቀዝቅዞና ረግቶ ነው ወደ ወንዙ የሚወርደው። የምድጃው አመድ ጉድጓድ አለው። ራስ ምታት የነበረው አተላው ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሙቀቱ ሳይበርድ ወንዝ ውስጥ ይለቁት ነበር። ውሃው ጠቁሮ ሲሸት ከታች ያሉት ሰዎች አቤት አሉ፤ ከእንጅባራ የዞኑ ባለሙያ መጥቶ «በስድስት ወር ካላስተካከላችሁ አሽጋለሁ» ብሎ ሄደ። እኔን የቀጠሩኝ ለዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ የኋላሸት ሌላ ገንዳ እንድነድፍላቸው ነበር የጠበቁት። እኔ ግን በገባሁ በሳምንቴ «በእኛ አገር አተላ ይጣላል እንዴ?» አልኋቸው። ጠላ የጠመቀ፣ አረቄ ያወጣ ሰው አተላውን ጎረቤት ለከብቱ ይወስድለታል። አይሸጥም፣ አይደፋም፣ ይሰጣል። ፋብሪካውም እንደ አንድ ቤት ይስጥ!

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ሰልፉን ቢያዩት! በጀሪካን፣ በአህያ፣ አንዱማ በባጃጅ መጥቶ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ በርሜል አስገባበት። ሰልፉን የሚከፍቱት ከአጥሩ ጀርባ የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ደጊቱ ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአንድ ላም ወተት ነው። «እስከ ዛሬ ሽታችሁን ብቻ ነበር የምንቀበለው፤ አሁን ገና ጎረቤት ሆናችሁ» አሉኝ። የሦስት ወሩ ሪፖርት ላይ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የፋብሪካው አተላ ሙሉ በሙሉ ለኅብረተሰቡ ከብት መኖነት ይውላል፤ በሰውም በእንስሳም ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም።» ከሥሩ ፈረምሁ። ጋሼ፣ ፊርማዬ ሪፖርት ላይ እንዴት እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ዳለቻዋ ላም በበጋው ወተቷ እንደቀነሰ ጽፈውልኛል። የፋብሪካው አይሱዙ ገብስ ሊጭን ሐሙስ አዘና ይመጣል፤ ሁለት በርሜል አተላ ለእርስዎ አስጭኛለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ። ያስተማሩኝን በበርሜል የምከፍል ተማሪዎ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አክባሪዎ ሰርክአዲስ


አዘና፣ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

ደብዳቤሽም በርሜሎችሽም ደርሰዋል። በርሜሎቹ ቀድመው ደረሱ፤ ምንይችል ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ሁለት ገበያ አዟዙሮታል። «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤ እንደ ድንች የሚከርም መሰለህ?» ብለው ምን እንደመለሰልኝ አልሰማሁም። አፉ ግን ሲስቅ አየሁት።

ጆሮዬን ጠይቀሽኛል። ግራው ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኙ ገና በሥራ ላይ ነው፣ ግን ያረፍዳል።

ዳለቻዋ አተላውን ከገለባ ጋር ስንሰጣት መጀመሪያ አሸተተችና ዞር አለች፤ ከዚያ ማንም ሳያያት ተመልሳ ጨረሰችው። ወተቷ በሳምንቱ ከአንድ ጣሳ ወደ ሁለት ተኩል ወጣ። እመቤት ዓይኗን ማመን አቅቷት ሁለቴ ለካችው። «የተማሪህን እግዜር ያክብርልኝ» እያለች ነው የሰነበተችው፤ እኔን በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንዲህ አላለችኝም።

ተጨማሪ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች። እኔ መጠየቅ አልወድም፤ እርሷ ጠየቀች በይው።

የሪፖርትሽን ግልባጭ ላክሽልኝ፤ አነበብሁት። ጥሩ ነው። «የለም» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። እኔ ፈተና ሳርም «አልታየም» ብሎ ለጻፈ ተማሪ አንድ ነጥብ እጨምርለት ነበር።

ኪዳኑ


ዳንግላ፣ ሰኔ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ ኪዳኑ፣

በሁለት ሳምንት ውስጥ ባለመመለሴ ይቅርታ። የደብዳቤዎን መልስ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተጠርቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው ቆሜ ነው ማለት ይቻላል፤ የወንበሬ አንድ እግር ተሰብሯል።

በዚህ መሃል ለሠራተኞቹ ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ስለ ኬሚካል አያያዝ ሙሉ ቀን አስተማርሁ፤ በፕሮጀክተር! የምድጃ ሠራተኞች፣ መካኒኮች፣ የመጋዘን ሰዎች፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ፈርሟል። አቶ የኋላሸት ራሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ያዙ። ጋን አጣቢዎቹ ሴቶች ወንበር ስላልበቃ በር ላይ ተኮልኩለው ያዩ ነበር። «ግቡ እንጂ» ስላቸው አለቃቸው ወርቅነሽ «ለእኛ ምን ያደርግልናል እቴ? ጋን ማጠብ ከእናታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ነው!» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ።

ዝናቡ ገብቷል። ማጣሪያ ገንዳው አፍ ድረስ ሞልቷል፤ ማስፋፊያ እንዲሠራ ጽፌ በሚቀጥለው በጀት ይታያል ተብያለሁ። በዚህ ላይ የዓመቱ ትልቅ እጥበት ትናንት አለቀ፤ አረቄው የሚፈላባቸው ትልልቅ ጋኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ተከፍተው ይታጠባሉ። ደግሞ እስከ ሰኔ ሠላሳ የዓመቱ ሪፖርት አለብኝ። አቶ የኋላሸት «ይህ ሪፖርት ካማረ የክፍል ኃላፊ ነሽ» ብለውኛል። በሃያ ሦስት ዓመቴ! ሳልበላ እውላለሁ፣ ግን አይርበኝም።

የእትዬ እመቤትን መልእክት አልረሳሁም። ዛሬ አይሱዙው ለገብስ ሲነሳ ስድስት በርሜል አስጭኜበታለሁ፤ ሁለቱ የእርስዎ፣ አራቱ ገብስ ለሚያቀርቡልን የአዘና ገበሬዎች ነው። ሰልፈኛው ብዙ ስለነበር ለእናንተ የተረፈው ከማጠራቀሚያው ሥር የተቀዳው ነው። ወፍራሙ እሱ ስለሆነ ለላሚቱ ይሻላታል ብዬ አልተከፋሁም።

ስለ «የለም» እና «አልታየም» የጻፉልኝን አስቤበታለሁ። ለአቶ የኋላሸት ባሳያቸው «አልታየም ካልሽ ለምን አላየሽም ይሉሻል» አሉኝ። ስለዚህ «የለም» የሚለው እንዳለ ይቆያል።

ሰርክአዲስ


አዘና፣ ሰኔ 26 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እመቤትም ደህና ናት፤ ሰላምታዋን ትልክልሻለች።

ዝናቡ እዚህም በርትቷል። ከቤታችን በላይ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ መኪናው ደጅ ድረስ ለመድረስ ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ በርሜል ከእንግዲህ አትላኪ። ለሾፌሩ አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ሣሩ ደርሷል፤ በቂያችን ነው። ባዶዎቹን በርሜሎች እኔ ራሴ በደንብ አጥቤ መልሻለሁ።

አንድ ነገር ለዕውቀት ያህል ልጠይቅሽ። እነዚያን ትልልቅ ጋኖች በምንድን ነው የምታጥቧቸው? ዝም ብዬ ነው። ጡረተኛ ሰው የማይመለከተውን ያስባል።

ምግብ ብዪ። ባዶ ሆድ ይዞ መሥራት ጥሩ ይመስላል እንጂ ጥሩ አይደለም።

ኪዳኑ


ዳንግላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጋኑን በምን እንደምናጥብ ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ከጥያቄዎ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። በኮስቲክ ሶዳ ነው።

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ወይዘሮ ደጊቱ ከሰልፉ ከቀሩ ቆይተዋል። ሪፖርቱን ጨርሼ፣ ፈርሜ፣ ወደ እንጅባራ ከላክሁ በኋላ ነው ልብ ያልሁት። ቤታቸው ሄድሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

«ምነው ጠፉ?»

«ለማን ልቅዳ ብለሽ ነው፤ ላሟ የለችማ።»

«የት ሄደች?»

«አዲሱ ሣር ነፋት አሉ። በአራተኛ ቀኗ ሄደች።»

ጋሼ፣ እንደ ለቀስተኛ «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ መነሳት እችል ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ አፏ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅሁ። ጎመኑን አስቀመጡት። ለሃጯ አልቆም ብሎ ነበር አሉኝ። ምላሷ ተልጦ፣ ከንፈሯ ውስጡ ነጭ ሆኖ፣ ውሃ እያየች መጠጣት አቅቷት። ሣር አፍ አይልጥም። ከአጥሩ ወዲያ ያለ ሌላ ሰው ወይፈንም እንዲሁ ሆኖ ሞቷል።

«ለምን መጥተው አልነገሩኝም?» አልኋቸው፤ ድምፄ እንደ ቁጣ ወጣ።

«ምን ብዬ ልጄ? አንቺ በደስታ የሰጠሽኝን? አተላ የሰጠ ሰው ደጅ ቆሞ ላሜን ገደልሽብኝ ይባላል እንዴ?»

ወርቅነሽን ያገኘኋት ጋኖቹ ጋ ነው። የሶዳውን እጣቢ የት እንደደፉት ጠየቅኋት።

«የመጀመሪያውን ከአተላው ጋር፤ የቀረውን ወደ ገንዳው።»

«ለምን ከአተላው ጋር?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? የጋኑን ጥፍጣፊ ይዞ ነዋ የሚወጣው። እናቴ ቤት ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተን እጣቢውን ለከብት ነው። ደግሞ ገንዳው ሞልቷል ተባልን። እህል ያለበትን ልድፋው?»

«ወርቄ፣ ይህ ግራዋ አይደለም። ሶዳ ነው፤ ሥጋ ያቃጥላል!»

«እኔ በምን አውቄ? ጆንያው ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። እጄን ላጠኝ ብዬ መጣሁ፤ ጓንት ሰጣችሁኝ። ሌላ ማን ምን አለኝ?»

ጋሼ፣ ጓንቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ጎበዝ፣ ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው» ብያት ነበር። በር ላይ ቆመው ሥልጠናዬን ሲያዩ የነበሩት ሴቶች ናቸው ሶዳውን በእጃቸው የሚይዙት፤ ወንበር ላይ ያስቀመጥኋቸው ሠላሳ ሁለቱ ግን ነክተውት አያውቁም። ወርቅነሽ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። የደጊቱ ጎረቤት ናት፤ የላሟንም ወተት ልጇ ጠጥቷል።

አቶ የኋላሸት ጋ ገባሁ። ጆሯቸውን አልነፈጉኝም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እጣቢው ወደ አተላው አይገባም። ተስተካከለ አይደል?» አሉኝ።

«ሪፖርቱ ግን ሐሰት ነው።»

«ስትፈርሚ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ሳያውቁ የፈረሙት ሐሰት አይባልም።»

«አሁን አወቅሁ እኮ።»

«እንግዲያው ለሚመጣው ዓመት ተጠንቀቂ። መቶ አርባ ሰው በዚህ በር ይገባል፣ ሰርክአዲስ። ባለሙያው ለማሸግ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ለሁለት ከብት ብለሽ ወርቅነሽን ቤቷ ልትሰጃት ነው?»

ከቢሯቸው ወጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። እንጅባራ ሄጄ ሪፖርቱን ልሳበው ወይስ ዝም ልበል? ይምከሩኝ። ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት፦ የእርስዎ በርሜሎች የተጫኑት ከእጥበቱ ማግስት ነው። የሶዳ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ የእርስዎም የተቀዳው ከሥር ነው። ዳለቻዋ እንዴት ናት? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ሰርክአዲስ


አዘና፣ ሐምሌ 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብሁት። እመቤት «ምን አለች?» ብትለኝ «ሥራ በዝቶባታል» አልኋት።

ምክር ጠይቀሽኛል። እንጅባራ ሂጂ። የፈረምሽው ወረቀት አንቺ ተኝተሽም ይናገራል፤ እንዲናገር የማትፈልጊውን ከሆነ የሚናገረው አንቺው ሄደሽ አስቁሚው። ሥራ አስኪያጅሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ የፈራ ሰው ነው። ከፈራ ሰው ጋር አትጣዪ፣ ግን አትታዘዢው። ወርቅነሽን ለብቻዋ ጥፋተኛ የሚያደርግ ቃል እንዳይገባ ተጠንቀቂ። እርሷ እናቷ ያስተማረቻትን አድርጋለች፤ ሌላ ያስተማራት አልነበረም።

ስትጽፊ ደግሞ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ወይዘሮ ደጊቱን ቤታቸው ሄደሽ አይተሻል፣ የወይፈኑንም ነገር ሰምተሻል። ይበቃል። ከዳንግላ ውጪ ያለውን አታስገቢ፤ ነገሩ ይሰፋና የሚሸከመው ያንቺ ትከሻ ነው። የመጀመሪያ ሥራሽ ነው፤ ገና ዓመት አልሞላሽም።

ዳለቻዋን ጠይቀሽኛል። ለግጦሽ ወደ እመቤት ወንድም አገር ወስደናታል። እዚያ ሣሩ ጥሩ ነው።

ጭንቀት እንዳይጎዳሽ። ብትችዪ ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ብቅ በዪ።

ኪዳኑ


ዳንግላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ ኪዳኑ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎት ግራ ገብቶኝ ይህን ወረቀት ብዙ አየሁት። እንደ ልጅ ልቆጣዎትም፣ ጉልበትዎን ልስምም ፈልጌአለሁ። ሁለቱም በደብዳቤ አይሆኑም።

እንዳዘዙኝ እንጅባራ ሄድሁ። የዓመቱን ሪፖርት ስቤ ሌላ ጻፍሁ። ምን እንደተደፋ፣ ለምን እንደተደፋ፣ ማንን ሳላስተምር እንደቀረሁ። የወርቅነሽን ስም የጻፍሁት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ «ጓንት የጠየቀች ሠራተኛ» በሚለው አጠገብ። አቶ የኋላሸት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የክፍል ኃላፊነቱን ነገር ያነሳው የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ ገንዳው ሲሰፋ ለማየት በዝናብ ቆመው ዋሉ። እውነትዎን ነው፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

ወርቅነሽ ሶዳ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ሊትመስ ወረቀት መጠቀም በአንድ ጠዋት ለመደች። ቀዩ ወረቀት ሰማያዊ ከሆነ አተላው በር አይወጣም፤ እኔ ብፈርም እንኳ እርሷ ካልፈረመች አይወጣም። ሥልጠናውን ለአጣቢዎቹ የሰጠችው እርሷ ናት፣ በአዊኛ፣ ጋኖቹ መሃል ቆማ፣ ያለ ፕሮጀክተር። ምን እንዳለቻቸው ሁሉንም አልሰማሁም። እጇን ገልብጣ ጠባሳውን ስታሳያቸው ግን ማንም አልሳቀም።

ፋብሪካው አልታሸገም። ባለሙያው እንድናስተካክል አንድ ወር ሰጥቶናል። ለወይዘሮ ደጊቱና ለወይፈኑ ባለቤት ምትክ እንዲሰጥ አዟል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ትናንት ምንይችልን መናኸሪያ አገኘሁት። «የመምህር ላም ከግጦሽ ተመለሰች?» አልሁት።

«የቷ ላም?»

«ዳለቻዋ።»

«አንቺ ደግሞ! ሰኔ መጨረሻ ላይ ደብዳቤሽን ይዤ ስመጣ ቆዳዋን በሚኒባሴ ጣራ ጭኜ እንጅባራ ያደረስሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እትዬ እመቤት እስከ ዛሬ ወተት የሚያመጡት ከጎረቤት ነው። አልነገሩሽ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ። «ወይኔ ምላሴ! መምህር አንድ ነገር ብትተነፍስ ብለውኝ ነበር።»

ጋሼ፣ «መንገዱ ጭቃ ነው» ብለው የጻፉልኝ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሚኒባስ በዚያው ቀን ነው። ቆዳው ከላይ፣ ደብዳቤው ከታች።

ለምን እንደደበቁኝ አውቃለሁ። ወይዘሮ ደጊቱም በዚሁ ምክንያት ነው ደጄ ሳይመጡ የቀሩት። ሰው በፍቅር የሰጠውን ነገር ማን ይከሳል? አተላ ስቀበል «ምን አለበት?» ብዬ አልጠይቅም፤ ከብቴ ብትሞት «ሰጪውን ምን አድርጌ ላሳፍረው?» እላለሁ። በቤታችን ይህ ክብር ነው። ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ግን ያው ክብራችን ለእኔ መሸፈኛ ሆነ። ሪፖርቴ ላይ «ጉዳት የለም» ብዬ የጻፍሁት እውነት የመሰለኝ እናንተ ሁላችሁ ጨዋ ስለሆናችሁ ነው።

እና አሁን የቸገረኝ ይህ ነው። ባለሙያው የመኪናውን መዝገብ አይቶ «አዘና የሄደው ስድስት በርሜል የት ደረሰ?» አለ። አቶ የኋላሸት «ከዚያ አቤት ያለ ሰው የለም፤ አልተጎዱም ማለት ነው» አሉት። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ የነበረኝ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ «ለግጦሽ ወስደናታል» የሚለው። ስለዚህ ዝም አልሁ። ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ፣ እንዳሉኝ። ያላየሁትን ያዩት ግን እርስዎ ነዎት።

ዛሬ ጠዋት ለባለሙያው ደውዬ ከምንይችል የሰማሁትን ነገርሁት። «የሾፌር ወሬ ይዤ አዘና አልወርድም፤ ከብቱ የሞተበት ሰው ራሱ ጽፎ ይፈርም» አለኝ። የምርመራው መዝገብ ነሐሴ አሥራ አምስት ይዘጋል። አራቱ በርሜሎች ማን ቤት እንደገቡ እኔ አላውቅም፤ ገብስ ያቀረቡ ገበሬዎች ናቸው፤ አዲስ ሣር ነው ብለው ተቀምጠው ይሆናል። ምናልባት ከሥሩ የተረፈ ዝቃጭ እስከ ዛሬ በርሜል ውስጥ አስቀምጠው ጥጃ ሊያጠጡ ይሆናል። እርስዎ ከዘለሉኝ እነርሱም ይዘለላሉ።

ስለዚህ ይህን እለምንዎታለሁ። ላሚቱ አተላውን በየትኛው ቀን እንደጠጣች፣ አፏና ምላሷ ምን እንደሆነ፣ በስንተኛው ቀን እንደሞተች ይጻፉ። በርሜሉን የላከው ማን እንደሆነም ይጻፉ፤ ስሜን ከነአባቴ፣ ሳይሸፋፍኑ። ከዚያ አራቱን ቤቶች ይጠይቁልኝ፤ የሚያስታውሱትን በሚናገሩበት ቋንቋ ይንገሩዎት፣ እርስዎ ይጻፉላቸው፣ እነርሱ ይፈርሙ። በርሜል ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ለከብት እንዳይሰጡ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ምንይችል በሚመጣው ገበያ ቀን ወረቀቱን ሳይዝ አዘናን እንዳይለቅ አስምዬዋለሁ።

ይቅርታዎን አሁን እንዳይልኩልኝ። እርሱን ኋላ እለምንዎታለሁ፣ ራሴ መጥቼ፣ እትዬ እመቤት ፊት። አሁን የምለምንዎት ክስዎን ነው። ይጻፉልኝ።

ሰርክአዲስ